ትኬት የተቆረጠለት በር

ፊንሌይን ያወቅሁት በር ተሸክሞ ነው። የምሬን ነው፤ የቤት በር፣ ከነማጠፊያው።

ከአርብሮዝ ከተማ ተነስቶ በባሕሩ ዳር ያሉትን መንደሮች የሚያዳርሰውን አውቶቡስ የምነዳው እኔ ነኝ። ነፋሱ የባሕሩን ጨው መስታወቴ ላይ በሚለጥፍበት በአንድ የመጋቢት ጠዋት፣ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ስደርስ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። ከጎኑ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ በር አቁሟል። ሁለቱንም ዝናብ ደብድቧቸዋል።

«ይቅርታ፣ መኪናዬ መንገድ ላይ ቀረችብኝ» አለ እያለከለከ። «እናቴ ቤት ድረስ ብቻ ነው። ስድስት ፌርማታ።»

«አንተን እወስድሃለሁ። እሱን ግን አላውቀውም።»

«ኧረ ጨዋ ነው። ሰው አይረብሽም።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ዘጠና ሞልቶታል።»

«ከስድሳ በላይ በነፃ ነው የሚሄደው» አልኩት። «ግን የአዛውንት ካርዱን ያሳየኝ።»

ኪሶቹን ዳበሰ፤ ከምሩ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። «ቤት ረስቶታል።»

«እንግዲያው ሙሉ ይከፍላል።»

ቀልዴን ነበር። እሱ ግን የሁለት ሰው ከፍሎ፣ ሁለት ትኬት ተቀብሎ፣ አንዱን በበሩ ስንጥቅ ውስጥ ሰካለት። ከፊት ወንበር ያሉት አሮጊቶች በሳቅ ፈረሱ። እኔ ደግሞ ስድስቱን ፌርማታ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየሁ ነው የነዳሁት። መንገዱን ብቻ ነው ያየሁት ብል ማንም አያምነኝም።

ሲወርድ የበሩን ታሪክ ነገረኝ። ዓሣ አጥማጅ የነበሩት አያቱ በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። ቤታቸው በዚያ ቀን ሊፈርስ ስለነበር ማፍረሻው ሳይደርስ ሮጦ ነቅሎ አተረፈው። እሱም አናጺ ነው።

«ቤትህ ላይ ልትሰቅለው ነው?»

«ቤትማ የለኝም» አለ። «በር ግን አለኝ። ከአንድ ቦታ መጀመር ነው።»

መኪናው በሳምንቱ ተሠራች። እሱ ግን ሐሙስ ሐሙስ አውቶቡስ መሳፈሩን አልተወም።

እኔና ፊንሌይ እንዲህ ተጀመርን። የእረፍት ሰዓቴ ሲደርስ የወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጠን ከዓሣ ማጠኛው ቤት የወጣ፣ ሃዶክ የሚባል ትኩስ ዓሣ በወረቀት እንበላለን። ብዙ አያወራም። ዓሣውን ከአጥንቱ ለይቶ ደህና ደህናውን ወደ እኔ ይገፋል፣ ከዚያ ባሕሩን ያያል። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከወንድ ጋር ተቀምጬ አላውቅም። ወደድኩት። ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬደኛል፣ ወደድኩት።

እናቱ ግሬታ ግን በሩን አልወደዱትም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን ሻይ ሲቀዱልኝ። በሩ ኮሪደራቸው ውስጥ ተደግፎ መንገዱን ዘግቶታል። «ይሄን ልጄን ብታገቢው በሩንም አብረሽ ትወስጂያለሽ። ለይቼ አልድርም።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን እነሱ የማያውቁት ነገር ነበረኝ።

ሹፌር ከመሆኔ በፊት የራሴ ፀጉር ቤት ነበረኝ። ሦስት ወንበር፣ ሦስት መስታወት፣ በሩ ላይ «ሼና» የሚል ስሜ። ወረርሽኙ መጥቶ ሁሉም ሲዘጋ እኔም ዘጋሁ፤ ሌሎቹ ሲከፍቱ እኔ መክፈት አቃተኝ። አራት አበዳሪዎች ይዘውኝ ነበር። በመጨረሻ አንዲት የዕዳ አማካሪ በሕግ የታወቀ የአከፋፈል ዕቅድ ውስጥ አስገባችኝ፤ በየወሩ አንድ ቋሚ ገንዘብ እከፍላለሁ፣ ለአራቱም ይከፋፈላል፣ ወለዱ ቆመ፣ ማንም በሬን አያንኳኳም። ስድስት ዓመት ነው። በምትኩ ያለ ፈቃድ አዲስ ብድር መበደር አልችልም፤ ስሜም ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ተጽፏል።

ያኔ የነበረኝ እጮኛ ይህን የሰማ ዕለት ቀለበቱን ከጣቴ ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም። አራት ዓመት ሙሉ በወሩ መጀመሪያ ከፍዬ ዝም ነው።

ከፊንሌይ ጋር ዓመት ሲሆነን አንድ የሚሸጥ ቤት ተገኘ። የእኔ አውቶቡስ መጨረሻው ላይ፣ ገደሉ አናት ላይ ያለች መንደር ውስጥ ነው። ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት፤ መስኮቱ ባሕሩን ያያል። ባለቤቷ ወይዘሮ ኢሽቤል ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ፐርዝ ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ነው።

ክፍሎቹን አዙረው አሳዩን፣ የጭስ ማውጫውን አሳዩን፣ ድመታቸውን ሳይቀር አሳዩን። ስንወጣ በሩን ሊዘጉ ሞከሩ፤ አልዘጋ አላቸው።

«ሁሉ ነገሩ ደህና ነው» አሉ በትከሻቸው እየገፉ። «በሩ ብቻ የባሕሩ ንፋስ በልቶታል። እናንተ ስትገቡ ሌላ በር ታስገጥማላችሁ።»

ፊንሌይ አየኝ። ያ አስተያየቱ «ጋብቻ» ከሚለው ቃል ይበልጥብኝ ነበር። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ «በሁለታችን ስም እንበደር» አለ። «የእኔ ደመወዝ ብቻውን አይበቃም። ከአንቺ ጋር ግን ይበቃል። ለቅድሚያ ክፍያው እኔ ያጠራቀምኩት አለ።»

«አንተ ብቻህን ሞክር» አልኩት።

«አይበቃም አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው ትንሽ እንቆይ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ሼና፣ ስምሽ ከስሜ ጋር እንዲጻፍ አትፈልጊም ማለት ነው?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ደረሰ። ከቦርሳዬ የአከፋፈል ዕቅዱን ወረቀት አወጣሁ፤ ሁልጊዜ ይዤው ነበር የምዞረው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። «አንብበው» ብዬ ሰጠሁትና ባሕሩን ማየት ጀመርኩ።

ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትሄዳለህ ብዬ።»

«ዓመት ሙሉ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዓመት ሙሉ ከአጠገብሽ ቁጭ ብዬ፣ አንቺ መቼ ይሄዳል እያልሽ ትጠብቂኝ ነበር?»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና በእግሩ ሄደ። በዚያ ሳምንት ሐሙስ አልተሳፈረም። አሮጊቶቹ ባዶ ወንበሩን አይተው እኔን አዩ፤ አንዳቸውም ምንም አላሉ፤ ለአሮጊቶቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሰኞ ዕለት ብቅ አለ። ፊቱ በርቷል፣ ፀጉሩ ተቆርጧል። ገና እግሩ ሳይገባ፦

«ጨረስኩት!» አለ።

«ምኑን?»

«ያ ትልቁ አበዳሪሽ፣ ወንበሮቹንና መስታወቶቹን በዱቤ የሸጠልሽ። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ነበር፣ ደወልኩ፣ ሙሉውን ከፈልኩት። ካጠራቀምኩት ላይ። አንዱ ሄደልሽ ማለት ነው!»

ፍሬን ያዝኩ፤ ደግነቱ አውቶቡሱ ቆሞ ነበር።

«ፊንሌይ፣ ምን አደረግክ?»

«ምነው?»

«የዕቅዱ ሕግ እኮ አንዱ ከሌላው አይቀድምም ነው! ለአራቱም እኩል በየድርሻቸው ነው የሚከፈለው፣ ያውም በዕቅዱ በኩል። ከጎን የተከፈለ እንደሆነ ሌሎቹ ይከሳሉ። ዕቅዱ ይፈርሳል። የቆመው ወለድ ሁሉ ይነሳል። አራት ዓመቴ...»

ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን አጠፋ ማለት ይህ ነው። የመጣው በፍቅር መሆኑ ደግሞ ለቁጣም አይመችም። ሰውየው እዚያው ደረጃው ላይ ደርቆ ቀረ። ፊቱን ሳየው ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ እነዚያን ቀናት የጠፋው ሊሄድ ሳይሆን ገንዘብ ሊያወጣልኝ ነው። ተናደድኩ፣ ፈራሁ፣ በመሃሉም ልቤ ሞቀኝ። ሦስቱም አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

«ግባ» አልኩት። «ነገ ጠዋት አብረን ማርጎ ጋ እንሄዳለን።»

ማርጎ የዕዳ አማካሪዬ ናት፤ ቢሮዋ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ነው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሁሉንም እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ መነጽሯን አወረደች።

«ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ» አለች። «ከአበዳሪ ገንዘቡን የሚደብቅ ስንቱን አይቻለሁ። ተደብቆ የሚከፍል ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።»

ፊንሌይ አንገቱን ደፋ።

«አሁን የምጠይቅህን በእውነት መልስልኝ። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ የእሷ ሳንቲም አለበት?»

«አንዲትም የለበትም። እሷን ሳላውቃት በፊት ጀምሬ ያጠራቀምኩት ነው።»

«ማስረጃ?»

የባንክ ወረቀቶቹን ከጃኬቱ አወጣ። ማርጎ አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነበር፤ ቆሞ እንደሆነ እስክጠራጠር ድረስ።

«ደህና» አለች በመጨረሻ። «እሷ ከፍላ ቢሆን ኖሮ ሕግ መጣስ ነበር፣ እኔም መጻፍ ግዴታዬ ነበር። ይሄ ግን የዕቅዱን ደንብ የማያውቅ የሌላ ሰው ገንዘብ በስህተት የገባ ነው። እንዲመልሱልህ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ዕቅዱ አይነካም።»

ያኔ ነው የተነፈስኩት። ከትናንት ጀምሮ መተንፈሴን እንጃ።

ስንነሳ ነገሩ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «የቤት ብድርማ ዘበት ነው፣ አይደል?»

«ማን አለሽ?»

«ሁሉም ሰው።»

«ሁሉም ሰው እዚህ ቢሮ አይሠራም» አለች ማርጎ። «ተቀመጪ። ትልልቆቹ ባንኮች ጋ ኮምፒዩተሩ ስምሽን ከመዝገቡ ሲያገኘው እምቢ ይላል፣ አለቀ። ግን ማመልከቻውን ሰው የሚያነብባቸው ትናንሽ አበዳሪዎች አሉ። ወለዱ ከፍ ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያውም ይበዛል፤ ከእኛም የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግሻል። ወርሃዊ ክፍያሽንም ሳትነኪ መክፈል መቻልሽን ታሳያለሽ። ከባድ ነው። ከባድ ማለት ግን ክልክል ማለት አይደለም።»

ከዚያ አንድ ነገር አተመች። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች ቀንና ክፍያ፣ ቀንና ክፍያ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቺ ነሽ» አለች። «ሃምሳ ወር። አንድም ቀን አላሳለፍሽም። ባለፈው የገና በዓል ታመሽ ሆስፒታል ሆነሽ እንኳ በቀኑ ገብቷል። አበዳሪ ማየት የሚፈልገው ይህንን ነው።»

ወረቀቱን ያዝኩት። አራት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳያይብኝ ስሸሽገው የኖርኩት ነገር ይህ ነው። ፊንሌይ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ አነበበና፣ «እኔ ሃምሳ ወር ተከታትዬ ጥርሴን እንኳ በሰዓቱ ቦርሼ አላውቅም» አለ። ማርጎ በሳቅ መነጽሯ ወደቀ። እኔ አለቀስኩ።

ማርጎ የጠቆመችን የብድር አገናኝ አንድ ትንሽ አበዳሪ አገኘልን። ደመወዛችንን ጠየቁ፣ ፈቃዱን ጠየቁ፣ ያቺን ሁለት ገጽ ጠየቁ። በመሃል ግን ወይዘሮ ኢሽቤል ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ ከኤድንብራ ባልና ሚስት መጥተው ነበር። ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ ይከፍላሉ።»

«እንግዲያው ይሽጡላቸው፣ እማማ። አንፈርድብዎትም።»

«እስቲ ስሚኝ! ለበጋ ብቻ ነው የሚመጡት። እዚህ መንደር ክረምት ሲሆን ስንት ቤት መብራቱ እንደማይበራ ታውቂያለሽ? ዘጠኝ። አሥረኛው የእኔ እንዲሆን አልፈልግም። እስከ ዓርብ ቀትር እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ልጄ አትፈቅድልኝም፤ እውነቷን ነው፣ እኔም ገንዘቡ ያስፈልገኛል።»

ማክሰኞ ዕለት የፊንሌይ ገንዘብ ተመለሰ። ረቡዕ አበዳሪው አንድ ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀ። ሐሙስ ምንም የለም። በዚያ ሐሙስ ፊንሌይ ተሳፍሮ እንደወትሮው ከኋላዬ ተቀመጠ፤ በመስታወቱ ስንተያይ ሁለታችንም ደህና ነን ለማለት እንሞክራለን፣ ሁለታችንም አልቻልንበትም።

«እምቢ ቢሉስ?» አልኩት ሊወርድ ሲል።

«እናከራያለን።»

«ምኑን?»

«በሩን» አለ። ከዚያ ቀልዱን ተወና እጄን መሪው ላይ እንዳለ ያዘው። «እምቢ ካሉ ሁለት ዓመት ዕቅድሽን አብረን እንጨርሳለን። በሩ ዘጠና ዓመት ጠብቋል፣ እኔ ሁለት ዓመት ያቅተኛል? እኔ አልሄድም፣ ሼና። መጠበቅሽን ተይው።»

ያን ቀን ፍርሃቴ ግማሹ ለቀቀኝ። የቀረው ግማሽ የቤቱ ነበር።

ዓርብ ሆነ። ለሹፌር በሥራ ላይ ስልክ ክልክል ነው፤ ስልኬ ቁምሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ ሄጄ ተመለስኩ፤ እንደገና ወጣሁ። ቀትር ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ከፊት የተቀመጡት አሮጊት «አንቺ ልጅ፣ መሪውን ልትነቅዪው ነው እንዴ?» አሉኝ። አምስት ደቂቃ ሲቀረው የግሬታ ሰፈር ጠመዝማዛ ላይ ደረስኩ።

ፌርማታው ላይ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል።

ከጎኑ በር አለ።

እንዴት እንዳቆምኩ አላውቅም። የአውቶቡሱን በር ከፈትኩ። አረንጓዴው ቀለም አዲስ ነው፣ ማጠፊያው ተወልውሏል። ግሬታ ከኋላው ቆመው ባንድ እጃቸው በሩን ይደግፋሉ፣ በሌላው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «ኮሪደሩ ባዶ ሆነብኝ እኮ!» አሉ፤ ዓመት ሙሉ የረገሙት በር ነው።

ፊንሌይ አልሳቀም። የሁለት ጣት ስፋት ያላት፣ በአሸዋ ወረቀት የለሰለሰች ቀጭን እንጨት ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«ባለፈው ቤት ረስቶት ነበር» አለ።

የአዛውንት ካርድ ነበር። በእርሳስ፣ በዚያ በአናጺ ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል፦

ስም፦ በር። ዕድሜ፦ ዘጠና አንድ። አድራሻ፦

አድራሻው ላይ የወይዘሮ ኢሽቤል ቤት ቁጥር ነበር። ከሥሩ ደግሞ፦ ባለቤቶች፣ ሼና እና ፊንሌይ።

«ፈቀዱ?» አልኩት።

«አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ። ለወይዘሮዋ ነገርኳቸው። አሮጌውን በር በትከሻቸው ደግፈው እየጠበቁን ነው።»

እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከእግሬ ጀምሮ ነው የመጣው። ራሴን መሪው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ፤ ጡሩምባው ጮኸ፣ አሮጊቶቹ አጨበጨቡ፣ ከኋላ አንድ ሰው «የጥርስ ቀጠሮ አለኝ እኮ!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ዝም አሰኙት። አራት ደቂቃ ዘገየሁ። ኩባንያው በኋላ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቆኛል፤ «ተሳፋሪ በር ይዞ» ብዬ ጻፍኩ።

ያን ጊዜ ግን ቀና ብዬ ፊቴን ጠረግኩ፣ ካርዱን መለስኩለት፣ እንደ ሥራዬም ጠየቅሁት።

«በሩ በነፃ ነው። ያንተስ፣ ደርሶ መልስ ነው?»

«አይደለም» አለ ፊንሌይ፣ በሩን እያስገባ። «መሄጃ ብቻ ቁረጪልኝ።»